የሰላማዊት ሣር፣ የማሬ መድኃኒት

«እትዬ ማሬ፣ ጉድዎን ሰምተዋል? ሊያመነኩሱዎት ነውኮ!» አለቻት ሕይወት በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ፣ ገና ጠዋት፣ ማሬ ፊቷን እንኳ በቅጡ ሳትታጠብ። ሕይወት የጎረቤት ሚስት ናት፤ ባሏ ባጃጁን አስነስቶ ሲወጣ እሷ ልብስ ላስጣ ብላ ትወጣና ልብሱ እስኪደርቅ የሰው ነገር ስታዳምጥ ትውላለች። ማሬ ይሄ ጠባይዋ ስለሚጥማት ያቺን ቀዳዳ ማንም እንዳይደፍናት ትጠብቃታለች። «ትናንት አመሻሽ ላይ» አለች ሕይወት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምራትዎ ቧንቧው ጋ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ክፍሏን ለሙሽሮች መልበሻ እናደርጋታለን፣ ትልቅ መስታወት ይገባላታል፣ እሷ ጣራ ገዳም ትገባለች፣ ለነፍሷም ይሻላታል ስትል። የሰማሁትን ነው እንግዲህ፣ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም።» ማሬ መጀመሪያ ሳቀች። ጣራ ገዳም! እሷ፣ የጽጌ ጾም መግባቱን የምታስታውሰው ወተቷን ጠጥታ አፏን ከጠረገች በኋላ የሆነችው ሴት፣ ማን ማንን ጠልፎ እንዳገባ ሳትሰማ ያደረችበት ቀን የሚያማት ሴት፣ ጫካ ውስጥ ቆብ ደፍታ ዝም ብላ ልትቀመጥ! «አዳነስ? ልጄስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች እየሳቀች። ሕይወት አንድ እርጥብ ሱሪ አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችና «እሺ ብሏል አለች» አለቻት። ያኔ ማሬ መሳቋን ተወች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሣሩ ነው። ማሬ ድንች ትተክልበት የነበረውን ደጅ ምራቷ ሰላማዊት አስቆፍራ ሰርዶ አስተከለችበት። ሰርዶ! የማሬ አባት ፋርጣ ላይ ሲያርስ በሬ የሚያስቆምበት፣ ነቅሎ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ደርቋል ብሎ ዞር ሲል መልሶ የሚያቆጠቁጥበት፣ ስሙ ሲነሳ የሚያማትብበት ሰርዶ። እዚህ ደብረ ታቦር ግን ሰርዶ ጌታ ሆነ። ጠዋትና ማታ በጎማ ውኃ ይጠጣል፣ ይከረከማል፣ ውሻ አይረግጠውም፣ ማሬም በዳር በዳር ነው የምትሄደው። ጥር ሲመጣ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው እየመጡ ይጋደሙበትና ፎቶ ይነሳሉ፤ ለአንድ ሰዓት ሁለት ሺህ ብር። ዙሪያውን ጽጌረዳ ተተክሏል፣ ቀይም ነጭም። ማሬ የቀራት ከክፍሏ ጀርባ ያለች አንዲት መደብ ናት፤ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ አጥሩ ላይ የወጣች አንዲት ዱባ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ታዲያ ከሰርዶው መሀል ሌላ ሣር ብቅ አለ። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ መሬት ለመሬት የሚጋደም፣ ፍሬው እንደ ዶሮ እግር ጣቱን የሚዘረጋ፣ አንጓው አፈር በነካበት ሁሉ ሥር የሚሰድ። ሰላማዊት «ባለ ጣቱ» ትለዋለች፣ ስለ አንድ የሰፈር ሌባ እንደምታወራ። ተንበርክካ አንዱን ስትነቅል በማግሥቱ ሦስት ሆኖ ይጠብቃታል። የተጠቀመበት ፍጡር ቢኖር የመሪማ ላም ብቻ ነበረች። መሪማ የማሬ የልብ ጓደኛ ናት፤ ከመስጊዱ ጀርባ ነው ቤቷ፣ ድሮ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፣ ዛሬ አንድ ላም ታልባለች። በየሦስት ቀኑ ማጭዷን ይዛ መጥታ ባለ ጣቱን ታጭድ ነበር፤ በምትኩ ለማሬ አንድ ጣሳ ወተት። ሰላማዊት ከነሐሴ ወዲህ «ዘሩን እየበተኑብኝ ነው፣ ማጭድ ይዘው እንዳይገቡ» ብላ ከለከለቻት። መሪማ ማጭዷን ተወች፣ ወተቱን ግን አልተወችም።

ቁርስ ላይ ሦስቱም አንድ ገበታ ቀረቡ። አዳነ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ስልኩን ያያል፤ መሥሪያ ቤት አለቃ ከሆነ ወዲህ ከእናቱ ጋር ሲያወራም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሰላማዊት ማር ትቀባለች። ማሬ የልጇን አንገት አየችው፤ ከኋላ ወፈር ብሏል፣ የአባቱን ሆኗል። አባቱ ግን በዚያ አንገቱ ዞር ብሎ ሰው ያይ ነበር። «እኔ ምለው አዳነ» አለች ድንገት፣ «የጣራ ገዳም መንገድ አሁን ደህና ነው አሉ?» ሻዩ ትን አለው። ሲስል ሲስል ቆይቶ «ምን ልትሠሪ ነው እማዬ?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «አይ፣ እንዲያው አምሮኝ ነው፤ ዛፉን ባየው ብዬ።» ሰላማዊት ቢላዋውን አስቀመጠችና እንደ ማሩ ለስላሳ በሆነ ድምፅ «እሱማ መልካም ቦታ ነው እማማ፤ አየሩ ብቻ ያድናል፤ የእርስዎ እኩያ ሴቶች እኮ ሞልተውበታል» አለች። ቀጥላም የዕለቱን ትእዛዝ አወረደች። ወርቁ የሚባለው የአትክልት ሠራተኛ መጥቶ ባለ ጣቱን በመድኃኒት ይረጨዋል፤ መድኃኒቱ ከባሕር ዳር ተገዝቶ መጥቷል፣ ዋጋው አይጠየቅም። እማማ ነጠላቸውን ሣሩ ላይ እንዳያሰጡ። ጓደኛቸው እግራቸውን እንዳያሳርፉበት። ወደ ማታ ላይ ወይዘሮ እንጉዳይ የሚባሉ ሴትዮ፣ የጥር ሠርግ ያለባቸው፣ ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ክፍሏንም ማየት ስለሚፈልጉ ትጸዳ። «የትኛዋን ክፍል?» አለች ማሬ። አዳነ ከረባቱን አስተካክሎ ወጣ።

ማሬ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ክፍል ከተባለች እንግዲህ፣ አልጋ፣ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የባሏ ፎቶና የመድኃኔዓለም ሥዕል፣ ከበሩ ኋላ ጃንጥላ። አንዲት መስኮት አለቻት፣ ሣሩን የምታሳይ። መስታወቱን የት ሊያቆሙት ይሆን ብላ አሰበች፤ ከባሏ ፎቶ ሥር ይሆናል፣ ሙሽራይቱ ቀሚሷን ስታጠልቅ ሰውዬው እያያት። ሣር ከሌለ ሙሽራ የለም። ሙሽራ ከሌለ መልበሻ አያስፈልግም። መልበሻ ካላስፈለገ ማሬን ከዚህ አልጋ የሚያነሳት የለም። እስከ ጥር ድረስ ይሄ ሰርዶ እንደ ተጠረገ አውድማ ራሰ በራ ቢሆንስ? ሰላማዊት ምንጣፍ ዘርግታ ፎቶ ታስነሳቸው! ማሬ ነጠላዋን ለበሰች፣ የሰው አረም የሚደርቀው በመድኃኒት ከሆነ መድኃኒት የሚሸጥበትን እሷም ታውቃለች።

ባጃጁ ውስጥ አንድ ተማሪና አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ነበሩ፤ ማሬ ዶሮዋ በስንት እንደተገዛች ጠይቃ፣ ተታለሽ ብላ ሴትዮዋን አናድዳ፣ ገበያው ጋ ወረደች። የሐምዛ ሱቅ የዘርና የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥበት ነው፤ ሐምዛ የመሪማ የእህት ልጅ ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ ማሬን ሲያያት ብድግ ብሎ ወንበር የሚያወጣ። «እንደምን አደሩ እማማ፣ ምን ላምጣልዎ?» «አረም የሚያደርቅ መድኃኒት» አለች። «ለምን ሰብል ነው?» አላት። እዚህ ላይ ማሬ ቆም አለች። ለምራቴ ሣር ብትል ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ ሐምዛ ለመሪማ ይነግራል፣ ሌላ ሰው ይሰማል፣ ይሄ ከተማ እንዴት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ «ለጤፍ ነው» አለች፣ «ፋርጣ ያለው የወንድሜ ልጅ ልኮኝ ነው።» ሐምዛ አንድ ጠርሙስ አወረደላት። «በጣም ጥሩ ነው፤ ጤፉ ምንም አይሆንም፣ አረሙን እጥፍጥፍ ያደርግለታል። ብቻ ልጁን ይንገሩት፣ ነፋስ ሲኖር እንዳይረጭ። ጎመን ካለ፣ ባቄላ ካለ፣ አበባ ካለ...» ማሬ ግን ሰዓት ሄዶባት ነበር፤ ወርቁ ሳይጀምር መድረስ አለባት። ጠርሙሱን በነጠላዋ ጠቅልላ «እሺ እሺ፣ እነግረዋለሁ፣ እናትህን ሰላም በላት» እያለች ወጣች።

ስትደርስ ወርቁ መርጫውን በውኃ ሞልቶ፣ የባሕር ዳሩን መድኃኒት በጥብጦ ጨርሷል። ገና በጀርባው አላዘለውም። የአንበሳሜ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ፣ ለዚያም ነው ማሬ የምትወደው። «እማማ፣ ይሄ መድኃኒት ጉደኛ ነው» አላት፤ «ባለ ጣቱን ለይቶ ይገድላል፣ ሰርዶውን አይነካም። ግን እመቤቲቱ ዘገየች፤ ፍሬ ከማንጠልጠሉ በፊት መሆን ነበረበት። ለከርሞ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ገና ሳይበቅል አፈሩ ላይ የሚረጭ አለ።» ማሬ ለከርሞ የሚባለውን ነገር መስማት አልፈለገችም። «አንተ ልጅ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለችው። «ኧረ የት አባቴ!» «በል ና፣ ሽሮ ሠርቻለሁ።» ሰላማዊት ገበያ ሄዳለች፣ ቤቱ ባዶ ነው። ወርቁ እጁን ታጥቦ የማሬ ሣጥን ላይ ተቀምጦ መብላት ጀመረ፤ ማሬ ስለ አንበሳሜው ሀብታም ሁለተኛ ሚስት አንድ ነገር ጣል አደረገችለትና ልጁ ወሬውን ሲጀምርላት «ቆይ ጨው ላምጣልህ» ብላ ወጣች።

መርጫው ግንብ ተደግፎ ቆሟል። ክዳኑን ከፈተችው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ልጅ ሆና የአጎቷን ጠላ በውኃ የሞላችበት ቀን ትዝ አላት። ሐምዛ እስኪጨርስ ብትጠብቀው በክዳን ይለካ ይላት ነበር፤ ማሬ ልኬት ምን ያደርግላታል፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠችው። ሽታው እንደ አዲስ የተቀባ በር አፍንጫዋን ሰነፈጠው። «እንግዲህ» አለች ለሣሩ፣ «ሙሽሮችህን ጥራቸው።» ጠርሙሱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችና ጨውን ረስታ ገባች። ወርቁ ከጨው ይልቅ በወሬው ተጠምዶ ስለነበር አላስተዋለም።

ወርቁ ሲረጭ እሷ በመስኮቷ ታየዋለች። ፊሽ ፊሽ እያለ ዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ። ባለ ጣቱንም ሰርዶውንም እኩል አረጠበው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከጉና ተራራ በኩል ተነሳ፤ በዚህ ወር እንደ ልማዱ። ወርቁ ሻርፑን አፉ ላይ አስሮ ቀጠለ፤ ጭጋጉ ወደ ጽጌረዳው ሄደ፣ ጽጌረዳውን አልፎ በክፍሏ ጥግ ዞረ። ማሬ ልብ አላለችም። ዓይኗ ሣሩ ላይ ነው። ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ሣሩ መቼ ቢጫ እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚጨራመት። ሰላማዊት ከገበያ ስትመለስ ዘንበል ብላ ሣሩን አየችና ፈገግ አለች፤ ማሬም መስኮቷ ውስጥ ሆና ፈገግ አለችላት። ምራትና አማት እንዲህ ተያይተው ፈገግ ሲባባሉ ያየ ሰው ምን ያህል ይዋደዳሉ ሳይል አይቀርም።

ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ሣሩ እንዳለ ነበር። እንዳለ! ታጥቦ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ማሬ ምናልባት ሲነጋ ይሆናል ብላ ለእራቷ ጎመን ልትቀነጥስ ወደ ጀርባ ዞረች። ጎመኗ አንገቱን ደፍቷል። ቅጠሉ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል፣ ግንዱ እንደ ቀንድ ጎብጧል፤ ዱባዋ አጥሩ ላይ የወጣችበትን እጇን ለቃ ተንጠልጥላለች፤ ጤና አዳሟ ዘሟል። ማሬ ጎመኗን በእጇ ይዛ ቀና ብታደርገው መልሶ ወደቀ። በዚህ መሀል መሪማ የወተት ጣሳዋን ይዛ በጀርባ በር ገባችና «ምን ሆነሽ ነው፣ ሰው ሞተብሽ?» አለቻት። ማሬ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ መልበሻው፣ ስለ ገዳሙ፣ ስለ አዳነ እሺታ፣ ስለ ጠርሙሱ። ሐምዛን ለጤፍ ነው ማለቷ ላይ ስትደርስ መሪማ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች።

«ለጤፍ አልሽው?»

«ታዲያ ለምራቴ ሣር ልበለው?»

«አንቺ ሴት፣ ጤፍ ምን ይመስልሻል፣ ዛፍ?»

ማሬ አፏ ተከፈተ። የገበሬ ልጅ፣ በአረም ወራት ጉልበቷ እስኪላጥ ጤፍ መሀል የተንበረከከች ሴት፣ ሣርን ከሣር እየለየች ያደገች! ጤፉን የማይነካ መድኃኒት ሰርዶውን ምን ብሎ ይነካዋል? ለሣር የሚራራ፣ ሰፊ ቅጠል ላለው ሁሉ ሞት። መሪማ መጀመሪያ አፏን በሻሽዋ ያዘች፣ ከዚያ አልቻለችም፣ ግንቡን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጎመንሽን ለመበቀል ገበያ ድረስ በባጃጅ ሄድሽ!» ማሬም ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ነው የዋናው በር የተከፈተው።

ሰላማዊት ፊት ፊት እየመራች፣ ወይዘሮ እንጉዳይ ወፈር ያሉ፣ ጥሩ ሸማ የለበሱ፣ ቦርሳቸውን በክንዳቸው የያዙ፣ ከኋላ አዳነ ከሥራ ሲመለስ ተቀላቅሏቸው ገቡ። ሴትዮዋ ሣሩን ወደዱት። «ልጄ እዚህ ሙሽራዋን አቅፎ ፎቶ ሲነሳ ታየኝ» አሉ፤ ለካ የሙሽራው እናት ናቸው። ሰላማዊት በደስታ የምትሆነው ጠፋት። «መልበሻዋን ደግሞ ላሳይዎት» ብላ የማሬን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው፤ ማሬና መሪማ ከጓሮ ሲዞሩ ሴትዮዋ የባሏን ፎቶ እያዩ፣ ሰላማዊት አልጋው ይወጣል፣ እዚህ ጋ መስታወት፣ እዚያ ጋ መብራት እያለች ስታስረዳ ደረሱ። ማሬ የገዛ በሯ ላይ እንደ እንግዳ ቆመች። አዳነ ሰዓቱን ያያል።

ሲወጡ ነው ወይዘሮ እንጉዳይ «ይሄ ጽጌረዳ ምን ነክቶት ነው?» ያሉት። ሁሉም ዞሩ። ጽጌረዳዎቹ ዙሪያውን፣ ቀዩም ነጩም፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው መሬት መሬቱን እያዩ ነው፤ ለቅሶ ላይ እንደ ተሰለፉ ሴቶች። ሰላማዊት እየጮኸች ሄዳ አንዱን አነሳችው። ከዚያ ዕቃውን እያጠበ ወደነበረው ወርቁ ዞረች። «ምን ረጨህብኝ? ምንድን ነው የረጨኸው አንተ ደደብ!» «በመድኃኔዓለም! የሰጡኝን ነው እመቤቴ፣ እርስዎ የሰጡኝን» አለ ወርቁ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ፖሊስ ነው የምጠራልህ! ከዚህ ከተማ አንድም ግቢ እንዳትረግጥ ነው የማደርግህ!» ልጁ ቧንቧው ሥር ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ የማሬን ሽሮ የበላበት እጁ ነው። ማሬ ይሄን አላሰበችውም ነበር። በቀሉ ጎመኗን ሲያገኝ ስቃለች፣ ጽጌረዳውን ሲያገኝ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ደስ ብሏታል፤ ይሄ ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን አንጀቷ እምቢ አለ።

«ልጁን ተይው» አለች። «እኔ ነኝ የጨመርኩበት። እሱ ሽሮ ሲበላ።»

«እማዬ!» አለ አዳነ፣ በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን እያየ። ማሬ ልጇን አየችው። ሌላ ነገር የሚናገር መስሏት ጠበቀች። እሱ ስልኩን አወጣ። ሰላማዊት ግን የምትፈልገውን አገኘች፤ ቁጣዋ ሁሉ ወዲያው ወደ ሐዘን ተለወጠ፣ ለወይዘሮ እንጉዳይ እጇን ዘርግታ። «ይኸው አዩልኝ? መርዝ እኮ ነው! እኛ ምን አልን? ለራሳቸው ብለን ነው። ዕድሜ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ገዳም ይግቡ፣ ንስሐ ይግቡ፣ ነፍሳቸው ትረፍ ነው ያልነው። ጣራ ገዳም ተነጋግረናል። አይዞዎት፣ እስከ ጥር ይሄዳሉ፣ ክፍሏም ባዶ ትሆናለች።» ወይዘሮ እንጉዳይ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቦርሳቸውን ከፍተው ለቀብድ የሚሆን ይፈልጉ ጀመር። ማሬ ዓይኗን ከሴትዮዋ ቦርሳ ወደ ሣሩ መለሰች። ጎመኗም ጽጌረዳውም ወድቀዋል፤ ሣሩ ለምለም ነው።

መሪማ እስካሁን የወተት ጣሳዋን ይዛ በሩን ተደግፋ ነበር። ጣሳውን ለማሬ አቀበለቻት፣ ሻሽዋን አስተካከለች፣ እግሯን አንስታ ሰርዶው ላይ ተራመደችበትና ወይዘሮ እንጉዳይ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ክፍሏን መለስ ብለው ደህና አድርገው ይዩዋት» አለች። «ሙሽራዋ የምትገባባት እንደሆነች ነግረውዎታል። የሙሽራው እናት የምትወጣባት መሆኗንስ ነግረውዎታል?»

የወይዘሮ እንጉዳይ እጅ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዓይናቸው ከማሬ ወደ አዳነ፣ ከአዳነ ወደ ሰላማዊት ሄደ።